«ሳተ እኮ! ምን ያስጨፍራቸዋል?» — የካናዳ ፉትቦሉን ሩዥ ስናይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ካልጋሪ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ከሥራ መልስ አራት ሆነን ጓደኛችን ቤት ተሰብስበናል። ቴሌቪዥኑ ላይ የካናዳ ፉትቦል አለ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡም በእግር እየለጉም የሚጫወቱት፤ የከፈተው ሰው ባይታወቅም የሚዘጋውም አልተገኘም። ውጤቱ እኩል ነው፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ሴኮንድ ቀርቶታል። መቺው ተንደርድሮ ለጋ። ኳሷ በቀኙ ቋሚ በኩል ለጥቂት ወጣች፤ ከግቡ ጀርባ ያለውን ሜዳ ሁሉ ተሻግራ መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ጊዜ ነጥራ ጠፋች። ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን «ሳተ! በቃ፣ ጭማሪ ሰዓት ሊሆን ነው» ብለው ሪሞቱን ሶፋው ላይ ጣሉና ሻይ ሊጥዱ ኩሽና ገቡ። ሻዩን ይዘው ሲመለሱ የሳተው ቡድን ሜዳ መሃል ተቃቅፎ ይዘላል። ተሸናፊው አንገቱን ደፍቶ ወደ መልበሻ ክፍል እየገባ ነው። «ሳተ እኮ! ምን ያስጨፍራቸዋል?»

ያን ማታ የጋሼን ጥያቄ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አላወቅሁም። ዛሬ የሲኤፍኤል፣ ማለትም የካናዳ ፉትቦል ሊግ፣ ጨዋታ ባየን ቁጥር «ይሄ አንድ ነጥብ ከየት መጣ?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለውም ስመልስ ደጋግሜ የሰማኋቸው ስህተቶች ናቸው። ግማሾቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሜዳውን እንያዝ፤ እሱ ሳይያዝ የቀረው አይገባም። የካናዳው ሜዳ ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 110 ያርድ ነው፤ ወደ 100 ሜትር። ስፋቱ 65 ያርድ ነው። ከእያንዳንዱ የግብ መስመር ጀርባ ደግሞ 20 ያርድ ጥልቀት ያለው ኤንድ ዞን የሚባል ክልል አለ። ይህ 18 ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባስ ታክሲ ሦስቱን ብታቆሙበት ይተርፋል። የግቡ ቋሚዎች የቆሙት ከዚህ ክልል ፊት፣ ልክ የግብ መስመሩ ላይ ነው። ስለዚህ ኳስ ግቡን ስታ ስታልፍ ከሜዳ አልወጣችም፤ ገና 20 ያርድ ሙሉ ሜዳ ይጠብቃታል። እዚያ ክልል ውስጥ የተለጋች ኳስ ገብታ የክልሉ ባለቤት ካላወጣት፣ ለለጋው ቡድን አንድ ነጥብ ይመዘገባል። ሩዥ የሚባለው ይህ ነው። ነጠላ ነጥብ የሚሉትም አሉ።

ነጥቡ ለሳተ ሰው የተሰጠ መጽናኛ ይመስላቸዋል

ይህ የስህተቶች ሁሉ እናት ነው። «ለሙከራ ነጥብ ይሰጣል እንዴ?» ይባላል። እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች፣ ለጥቂት የወጣች ኳስ ለጥቂት ወጣች ማለት ነው፤ ታሳዝናለች እንጂ አትቆጠርም። ስለዚህ ዓይናችን መቺው ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ አገባ ወይስ ሳተ?

ዓይናችሁን ከመቺው ንቀሉና ወዲያ ማዶ ኤንድ ዞኑ ውስጥ ብቻውን የቆመውን ሰው እዩ። ጨዋታው ያለው እሱ ጋ ነው። ኳሷ ቤቱ ገብታለች። ሊያወጣት ግዴታ አለበት፤ ይዟት ሮጦ ቢሆን፣ በእግሩ መልሶ ለግቶ ቢሆን፣ እንዴትም አድርጎ ከግብ መስመሩ ወዲህ ማሳለፍ አለበት። ካላሳለፈ ዕዳውን ይከፍላል፤ ዕዳው አንድ ነጥብ ነው። መቺው ሳተ አልሳተ የሚለው ጉዳይ በቋሚዎቹ መሃል ለምታልፍ ምት፣ ፊልድ ጎል ለሚሏት፣ የሚሰጠው የሦስቱ ነጥብ ጉዳይ ነው፤ እሱ ተዘግቷል። አንዱ ነጥብ ሌላ መዝገብ ነው፣ የሚጻፈውም በተቀባዩ ስም ነው።

እውነት ለመናገር፣ የጋሼ ቁጣ ሙሉ በሙሉ አላዋቂነት አልነበረም። በዚያን ጊዜው ደንብ ኳሷ ማንም ሳይነካት ከኤንድ ዞኑ በጀርባም ሆነ በጎን ከወጣችም ነጥቡ ይቆጠር ነበር። ተቀባዩ ሊደርስባት በማይችል ኳስ ዕዳ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ብዙ ካናዳውያንም ይህንኑ ይተቹ ነበር። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በአሜሪካ ዓይን ማየት

ቨርጂኒያ የአክስቴ ልጅ አለ፤ የኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ፣ ሊቅ ነው፤ እሁድ እሁድ ስልክ አያነሳም። አንድ ጊዜ እኔ ጋ መጥቶ የካናዳውን ጨዋታ አብረን ስናይ፣ ኤንድ ዞን ውስጥ ኳስ ይዞ ሊሮጥ የተነሳውን ልጅ «ተንበርከክ! ምን ያስሮጥሃል፣ ተንበርከክ!» እያለ ይጮኽበት ጀመር። በሱ አገር ልክ ነው። በኤንኤፍኤል የተለጋች ኳስ ኤንድ ዞን ገብታ ተቀባዩ ቢንበረከክ ነጥብ የለም፤ ኳሱን ወደፊት ወስደው ይጀምራሉ። ሩጫው ትርፍ አደጋ ነው። ካናዳ ውስጥ ግን መንበርከክ በነጻ አይገኝም፤ አንድ ነጥብ ያስከፍላል።

ሌላም ነገር ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ተቀባዩ ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች እጁን አውለብልቦ «አትንኩኝ፣ ይዤ እዚሁ እቆማለሁ» ማለት ይችላል። ካናዳ ውስጥ ይህ መብት የለም። በምትኩ ከለጊው ቡድን የሚሮጡበት ተጫዋቾች ኳሷን እስኪነካ ድረስ 5 ያርድ ክፍት ቦታ ሊተዉለት ይገባል። 5 ያርድ አራት ሜትር ተኩል ነው። ሙሉ ፍጥነት እየመጣ ላለ ሰው ከአንድ ሴኮንድ በታች የሚሻገራት።

እስኪ ያችን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንያት። ኳሷ ሞላላ ነች፤ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር እሷም አታውቅም። ተቀባዩ ከግብ መስመሩ ስድስት ያርድ ወደ ውስጥ ቆሟል። ጀርባው 14 ያርድ ባዶ ሜዳ ነው። ኳሷ ፊቱ ወርዳ ወደ ግራ ነጠረች። ቢተዋት መሬት ላይ ትንከባለላለች፤ በሚለጋበት ጊዜ ከለጊው ጀርባ የነበረ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ወይም ራሱ ለጊው ቀድሞ ከወደቀባት ተችዳውን ነው፤ ኳሷን በባላጋራ ኤንድ ዞን ይዞ መገኘት፣ ስድስት ነጥብ። ስለዚህ መተው አይችልም። አጎነበሰ፣ ያዛት። ቀና ሲል አምስቱ ያርድ ተዘግቷል። በቀኝ በኩል አንድ ክፍተት አለ፣ የግብ መስመሩ ስድስት እርምጃ ነው። ሮጦ ካለፈ አንድ ነጥብ አዳነ፤ መስመሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ከጣሉት አንድ ነጥብ ሄደ፤ ሲጥሉት ኳሷ ካመለጠችው ደግሞ ስድስት። የአክስቴ ልጅ «ተንበርከክ» የሚለው ለዚህ ሰው ነው።

ሮጠው የሚያመልጡ ሲገኙ ደግሞ የሚታይ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቶሮንቶ አርጎናትሱ ባሺር ሌቪንግስተን የሳተች ፊልድ ጎል ከኤንድ ዞኑ ጥግ አንስቶ 129 ያርድ ሮጦ አገባ። 110 የሜዳው፣ 19 የኤንድ ዞኑ። አሜሪካ ውስጥ ሜዳው 100፣ ኤንድ ዞኑ 10 ብቻ ስለሆነ ሰው እግሩ ቢሰበርም ይህን ያህል ሊሮጥ አይችልም፤ ሜዳው ያልቅበታል።

የግድ ፊልድ ጎል ሲሳት ብቻ ነው ማለት

አይደለም። ካናዳ ውስጥ ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት ያለው ሙከራ ሦስት ብቻ ነው፤ የአሜሪካው አራት ነው። ሁለቱ ከከሸፉ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ኳሱን አርቀው ይለጉታል፤ ፓንት ይባላል። ስለዚህ በካናዳ ጨዋታ ኳስ ሲለጋ ውሎ ሲለጋ ያመሻል፤ ነጠላ ነጥብም ከፓንት ብዙ ጊዜ ይመጣል። ዋናው ኳሷ ወደ ኤንድ ዞኑ በደንቡ መሠረት ተለግታ መግባቷ ነው።

የተወረወረች ኳስ ግን አታስቆጥርም። ተከላካዩ የተቃራኒን ቅብብል ኤንድ ዞኑ ውስጥ ቀምቶ እዚያው ቢንበረከክ ሩዥ የለም። በእግር አልመጣችማ።

ቋሚውን ስትመታ

አጭር ነው። በአየር ላይ እያለች የግቡን ቋሚ ወይም አግዳሚ መትታ ካልገባች ኳሷ ሞታለች፤ አንድ ነጥብም የለም። «መልሳ ሜዳ ገባች፣ ያወጣት የለም፣ ስለዚህ አንድ» ብሎ የሚከራከር አንድ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ልክ አይደለም።

ሩዥን ከሴፍቲ ጋር ማምታታት

ይሄኛው ትንሽ ይከብዳል፣ ዓመታት የተከታተሉትንም ያደናግራል። ምክንያቱም ሁለቱ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ኳስ የያዘ ሰው በራሱ ኤንድ ዞን ውስጥ ይጣላል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ቦርዱ ላይ ግን አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት ይጨመራል።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ኳሷን እዚያ ያስገባት ማነው? ባላጋራው ለግቶ ካስገባት፣ ተቀባዩ ማውጣት አቅቶት ከተጣለ ሩዥ ነው፣ አንድ ነጥብ። ራሱ ይዟት ከገባ፣ ለምሳሌ ተጫዋቹ ለመወርወር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የራሱን ግብ መስመር አልፎ እዚያ ከጣሉት፣ ሴፍቲ ነው፣ ሁለት ነጥብ። ከውጭ እንግዳ ቢመጣብህ አንድ፣ በገዛ እጅህ ብትጠራው ሁለት።

ወሰኑ ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ። ተቀባዩ ፓንቷን ከግብ መስመሩ ውጭ፣ 4 ያርድ ላይ ይይዛታል። ክፍተት ሲፈልግ በራሱ ፈቃድ ወደ ኋላ ዞሮ ኤንድ ዞኑ ውስጥ ይገባል። እዚያ ጣሉት። ይህ ሩዥ አይደለም፤ ኳሷ በእግር የመጣች ብትሆንም ወደ ኤንድ ዞን ያስገባት እሱ ነው። ሁለት ነጥብ ይከፍላል። በሁለት እርምጃ ስህተት ዕዳውን ያጠፈ ሰው ነው።

ይባስ ብሎ ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሴፍቲን ሆን ብሎ የሚሰጥ ቡድን ታያላችሁ። ከራሱ ግብ ሥር ሲታፈን፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ሲመጣበት፣ ደካማ ፓንት ለግቶ ባላጋራውን እዚያው ከማስቀመጥ ሁለት ነጥብ ሰጥቶ መተንፈስ ይመርጣል። ለጀማሪ ተመልካች እብደት ይመስላል። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ቀን ልጁ ኳስ ይዞ በራሱ ፈቃድ ከጀርባ መስመር ሲወጣ አይቼ ጨዋታው የተሸጠ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነጥብ ሁልጊዜ ትርፍ ነው ማለት

ነጥብ ነጥብ ነው፣ ምን ይጠላል? ግን ፓንት የሚለጋውን ልጅ አሠልጣኙ ሲቆጣው ያየ ሰው ይህን አይልም።

ሩዥ የገባበት ቡድን ኳሱን ያገኛል፤ የሚጀምረውም ከራሱ ግብ ሥር አይደለም፣ እንደየዘመኑ ደንብ ከ35 ወይም ከ40 ያርድ መስመር ነው። እንግዲህ አስቡት። ጎበዝ ለጊ ኳሷን 5 ያርድ መስመር አካባቢ በጎን በኩል ከሜዳ ቢያስወጣት ባላጋራው ግቡ ሥር ተጣብቆ ይጀምራል፤ አንድ ስህተት ቢሠራ ሴፍቲ፣ ኳስ ቢነጠቅ ተችዳውን። ያችው ኳስ ጥቂት ያርድ አልፋ ኤንድ ዞን ከገባች ደግሞ አንድ ነጥብ ተገኝቶ 30 ምናምን ያርድ ሜዳ ተለቀቀ። በጨዋታው መጀመሪያ ይህ ንግድ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻው ደቂቃ፣ ውጤቱ እኩል ሲሆን ግን ሜዳውን ማን ይፈልገዋል? ያኔ አንዷ ነጥብ ዋንጫ ነች።

ዋንጫ ስል ቀልዴን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 በግሬይ ካፕ፣ በካናዳ ፉትቦል ዋንጫ፣ ፍጻሜ ዊኒፔግ ኦታዋን 8 ለ 7 ያሸነፈው ወደ ጨዋታው ማብቂያ ላይ በገባች ነጠላ ነጥብ ነው። ከዚያ በፊት በ1933 ቶሮንቶ ሳርኒያን፣ በ1937 ደግሞ ቶሮንቶ ዊኒፔግን የረቱት በተመሳሳይ ውጤት ነው፤ 4 ለ 3። በዚያ ዘመን አንድ ተችዳውን 5 ነጥብ ነበር፤ ስድስት የሆነው በ1956 ነው። እንግዲህ 4 ለ 3 ካለቀ ከሁለቱም ወገን አንድም ተችዳውን አልገባም ማለት ነው፤ ዋንጫው የተወሰነው ተችዳውን ባልሆኑ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ሩዥን እንደ ተራ ማስዋቢያ የሚያይ ሰው እነዚህን ሁለት ውጤቶች ቁጭ ብሎ ቢደምራቸው ይበቃዋል።

ሒሳቡን ሳይሠሩ ተቀባዩን መሳደብ

«ለምን ተንበረከከ? ለምን አንድ ነጥብ በነጻ ሰጠ?» የሚለው ስድብ ከሶፋ ላይ በብዛት ይወረወራል፤ የአክስቴ ልጅ ተቃራኒ መሆኑ ነው። መልሱ በቦርዱ ላይ ነው፤ ልዩነቱን አይቶ መፍረድ ነው።

ቡድኑ በ5 ነጥብ እየመራ ነው እንበል። አንድ ቢሰጥ መሪነቱ 4 ይሆናል። በ5ም ሆነ በ4 ባላጋራው በአንድ ፊልድ ጎል፣ ማለትም በ3፣ ሊደርስበት አይችልም፤ ያው ተችዳውን ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዷን ነጥብ ከፍሎ ኳሱን ደህና ቦታ ላይ መያዝ ብልህነት ነው፣ በተለይ ሰዓቱ እያለቀ ከሆነ። በ4 እየመራ ቢሆን ግን አንድ ሲሰጥ 3 ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ፊልድ ጎል እኩል ያደርጋቸዋል። በ3 እየመራ ቢሰጥ ደግሞ 2 ይሆንና ፊልድ ጎል ያሸንፈዋል። በ7 ሲመራም እንዲሁ ነው፤ ወደ 6 ሲወርድ ተችዳውንና ተከታዩ የአንድ ነጥብ ምት ተደምረው 7 ናቸው፣ አለቀለት። ያው መንበርከክ በ5 ሲመሩ ዘዴ፣ በ7 ሲመሩ ጥፋት ነው።

ለጊውም ወገን ይህንኑ ሒሳብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. የ2009ኙን የግሬይ ካፕ ፍጻሜ ካልጋሪ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ባያየውም ሰምቶታል፤ የተደረገው እዚሁ ማክማን ስታዲየም ነው። ሳስካችዋን 27 ለ 25 እየመራ፣ ሰዓቱ አልቆ የሞንትሪያሉ ዴሞን ዱቫል በ43 ያርድ ለግቶ ሳተ። እዚህ ላይ «ሩዥ ይገባዋል» የሚል ቢኖር ምን ዋጋ አለው? አንድ ቢጨመር 26 ነው፤ ሽንፈቱ ሽንፈት ነው። ሳስካችዋኖች ደስታ ጀመሩ። ግን ዳኞቹ ቆጥረው አገኙ፤ ሳስካችዋን 12 መሆን የነበረበት፣ ሜዳ ላይ 13 ሰው ነበረው። ቅጣቱ 10 ያርድ ወደ ፊት። ዱቫል በ33 ያርድ ደገመ፣ አገባ፣ 28 ለ 27። የሳስካችዋን ደጋፊ ፊት «አስራ ሦስተኛው ሰው» አትበሉ፤ ይህን እንኳ ስህተት ሳይሆን የጨዋነት ጉዳይ አድርጋችሁ ያዙት።

ፊሽካ ሳይነፋ መነሳት

የጋሼ ስህተት ይሄ ነበር። ቢያንስ የዛን ጊዜው። ኳሷ ግቡን ስታ ስታልፍ ኤንድ ዞን ውስጥ እስካለች ጨዋታው ሕያው ነው።

እኩል በሆነ ጨዋታ፣ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ፊልድ ጎል ሊመታ ሲል ከግቡ ጀርባ የቆሙትን ተከላካዮች ተመልከቱ። አንዱ ፈጣን ሯጭ ነው። ሌላው ግን ብዙ ጊዜ የቡድኑ ለጊ ነው፤ ለመሮጥ አይደለም የመጣው። ኳሷ ስታ ብትመጣ ይይዛትና መልሶ ወደ ሜዳ ይለጋታል፤ ነጠላዋን ነጥብ ለማምለጥ። ወዲያኛው ወገንም ይህን ስለሚያውቅ ከኋላ የሚቀበልና እንደገና የሚለጋ ሰው ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሞንትሪያልና የቶሮንቶ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ፊልድ ጎል ተሳተ፣ ኳሷ ተመልሳ ተለጋች፣ እንደገና ወደ ኤንድ ዞን ተለጋች፣ በመጨረሻ ሞንትሪያሎች ወደቁባትና ተችዳውን ሆነ። እኛ ሰፈር ልጆች ሆነን የጨርቅ ኳስ «ወዲህ በላት፣ ወዲያ በላት» እያልን የምንለጋጋውን የመሰለ ነገር፣ በፕሮፌሽናል ሊግ። ያን ጊዜ ሻይ ለመጣድ የተነሳ ሰው አለቀለት።

«ሩዥ» ማለት ቀይ ስለሆነ…

ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ይሰናከላል። ቃሉ ቀይ ማለት ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ ሲገባ ቀይ ባንዲራ ይውለበለብ ስለነበር ነው የሚል ታሪክ ይወራል። ጥሩ ወሬ ነው፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። እንግሊዝ ውስጥ ኢተን ትምህርት ቤት በሚጫወቱት ጥንታዊ የእግር ኳስ ዓይነት ውስጥም «ሩዥ» የሚባል ነጥብ አለ፣ እዚያ ደግሞ ቀይ ባንዲራ አያስፈልገውም። ወደ አማርኛ «ቀይ ነጥብ» ብሎ የሚተረጉም አጋጥሞኛል፤ ቀይ ካርድ መስሎት የሚደነግጥ አለና ተዉት። ሩዥ ብቻ በሉት፣ ወይም ነጠላ ነጥብ።

ደግሞ ከኦታዋ ቡድን ጋር አታምታቱት። የኦታዋው ሬድብላክስ በፈረንሳይኛ ሩዥ ኤ ኗር ነው የሚባለው። በፈረንሳይኛ ዘገባ ላይ ይህን ቃል ሰምታችሁ ነጥብ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ ጓደኛችን አንዴ ለዚህ ብሎ ከመቀመጫው ተነስቷል።

የድሮውን ደንብ ይዞ መከራከር

ይህ አዲሱ ስህተት ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ጠብ የሚያመጣውም እሱ ነው። በመስከረም ወር 2025 እ.ኤ.አ. የሊጉ ኮሚሽነር ስቱዋርት ጆንስተን የደንብ ለውጥ አወጁ። ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ የተሳተ ፊልድ ጎል ወይም ፓንት ማንም ሳይዘው ከኤንድ ዞኑ በጀርባ ወይም በጎን ከወጣ አንድ ነጥብ አይቆጠርም። ተቀባዩ ይዟት ሳያወጣት ሲቀር፣ ሲጣል ወይም ሲንበረከክ ግን ሩዡ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተሳሳች ታገኛላችሁ። አንዱ «ሩዥ ቀረ» ይላል፤ አልቀረም። ሌላው የጋሼን ጨዋታ የመሰለ የድሮ ቪዲዮ እያሳየ «ይኸው ወጥታ አንድ ተቆጠረ» ይላል፤ ያ በነበረው ደንብ ነው። ቪዲዮ ስታዩ መጀመሪያ ዓመቱን ጠይቁ።

በበኩሌ ለውጡን ደግፌዋለሁ፤ እዚህ አገር የተወለዱት የሥራ ባልደረቦቼ ስናገር ዓይናቸው ይቀላል። የኛ ነው፣ አሜሪካ ሊያደርጉን ነው ይላሉ። ሊደርስባት ለማይችላት ኳስ ሰውን ማስከፈል ግን አሁንም አይዋጥልኝም። የቀረው ክፍል፣ ያ ብቻውን ቆሞ ኳስ የሚጠብቀው ልጅና አምስት ያርዱ፣ አልተነካም።

የሚያስፈራቸው ይልቅ ተከታዩ ለውጥ ነው። በዚያው መግለጫ ከ2027 ጀምሮ የግቡ ቋሚዎች ከግብ መስመሩ ተነስተው ወደ ኤንድ ዞኑ ጀርባ እንደሚሄዱ፣ ሜዳው ከ110 ወደ 100 ያርድ፣ ኤንድ ዞኑ ከ20 ወደ 15 ያርድ እንደሚያጥር ተነግሯል። ቋሚው ጀርባ ላይ ሲሆን ግቡን ስታ ያለፈች ኳስ ወዲያው ከሜዳ ትወጣለች፤ ኤንድ ዞን ውስጥ የምትቀረው አጥራ የወደቀችው ብቻ ናት። የሌቪንግስተን 129ም በ100 እና በ15 ሜዳ ላይ የሚደገም አይደለም።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ያን ማታ በዛሬው ደንብ ቢሆን ልክ ነበርኩ» አሉ። ልክ ነበሩ። ጭማሪ ሰዓት ይሆን ነበር፣ ሻዩም ሳይበርድ ይደርሳል።